ወጥቶ መግባት

የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ እናቴ እኔን ጥላ በርበራ ለመሄድ እየተለማመደች እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ማስረጃዬን ግን አንድ በአንድ እሰበስብ ነበር። በዚያ ዕድሜዬ ዳኛ ብሆን ኖሮ አንድም ሰው በነፃ የማላሰናብት ክፉ ዳኛ ይወጣኝ ነበር።

የምንኖረው ሀርጌሳ፣ ኮድቡር ሰፈር፣ ማርዎ በምትባል ሶማሌ ባልቴት ግቢ ውስጥ በተከራየናት አንዲት ክፍል ነው። ከግድግዳው ወዲያ ልብስ ሰፊዋ እትዬ ሰብሪያ ትኖራለች። የድሬዳዋ ሰው ናት። አንድ ቀን "እርስዎ" ብያት "አቦ አታስረጂኝ" ብላ ስለተቆጣችኝ ከዚያ ወዲህ "አንቺ" ነው የምላት። የስፌት መኪናዋ ከንጋቱ የፈጅር ሶላት ጀምሮ ሲንኳኳ ይውላል። ዝም ሲል ነበር የምንደነግጠው።

አባቴ ታሪኩ ግንበኛ ነበር። አንድ ሰኞ ጠዋት እንደ ወትሮው ምሳውን ይዞ ወጣ፤ ማታ አልመጣም። እናቴ "በርበራ ሄዷል፤ ወደቡ ላይ ሥራ አግኝቶ ነው" አለችኝ። እኔም አመንኩ። በርበራ ባሕር እንዳለ ሰምቼ ስለነበር አባቴን የማስበው ሁልጊዜ ሲሚንቶ የበላውን እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ ተቀምጦ ነው። ሲናፍቀኝ ምስማር ላይ የተሰቀለውን የሥራ ሱሪውን አሸት ነበር። ኖራና ላብ ይሸታል። በየቀኑ ስለማሸተው ይሁን እንጃ፣ ሽታው እየቀነሰ መጣ።

አባቴ ከሄደ በኋላ እናቴ ሰነፈች። ያኔ የነበረኝ ቃል ይኸው ነው። የሰው ቤት ትሠራ ነበር፤ መሥራቷን ተወች። ቀኑን ሙሉ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ በሩን ታያለች። መንገድ ላይ መኪና ከቆመ ወጡን የምታማስልበት ማንኪያ አየር ላይ ይቀራል፤ መኪናው እስኪሄድ ወጡ ያርራል። ሌሊት ስነቃ ቁጭ ብላ አገኛታለሁ። ውሃ እንኳ ከጋሪ የምትቀዳልን ማርዎ ነበረች። "የሺሃረግ ምን ነካሽ?" ትላታለች በሶማሊኛ፤ እናቴ ፈገግ ትላለች እንጂ አትመልስም።

እኔም በዚያው ሰሞን ሆዴን እያመመኝ ትምህርት ቤት መሄድ ትቼ ነበር። ሆዴ የሚያመኝ ጠዋት ጠዋት ብቻ ነው፤ የተማሪ ጫጫታ ከመንገዱ ላይ ሲጠፋ ይተወኛል። ፍራሼም አንዳንድ ቀን ርሶ ይገኛል። ጣሪያው አፍስሶ ነው እል ነበር። ሀርጌሳ ላይ ዝናብ ከጣለ አራት ወር አልፎ ነበር፤ ማንም ግን አልተከራከረኝም።

ከዚያ የዓርብ ስፌት መጣ።

ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ እትዬ ሰብሪያ ቤት ሴቶች ይሰበሰባሉ። ሰው ቤት የሚሠሩት የዕረፍት ሰዓታቸው ስለሆነ ከራስ እስከ እግር የሚሸፍነውን ጂልባባቸውን ለብሰው፣ በየኪሳቸው አንዳንድ ቁራጭ ጨርቅ ይዘው ይመጣሉ። እስላሞቹም ክርስቲያኖቹም አሉ፤ ሁሉም ሐበሻ ናቸው። ሰባት ይሆናሉ። ሱሀይላ የምትባል ቀጭን ወጣት ታስተምራቸዋለች። እኔ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር፣ እራፊ መሃል ተቀምጬ እሰማ ነበር። እንደነሱ ያለ ሰነፍ የስፌት ተማሪ በሕይወቴ አላየሁም። አንዷ ያንኑ የትራስ ልብስ ለሦስት ወር ይዛ መጣች፤ አንድም ጠርዝ አልጨረሰችም።

ስፌቱ ለጎረቤት ዓይን እንደነበር ዛሬ አውቃለሁ። ሱሀይላ መርፌ መያዝ እንኳ አትችልም። ወረቀት የሌላቸውን፣ ዛሬ ወይ ነገ እንባረራለን እያሉ እንቅልፍና እህል የከዳቸውን ሰዎች የምታነጋግር ባለሙያ ነበረች። ያኔ ለእኔ ግን የሰው እናት አስኮብላይ ነበረች።

"የሺ፣ በዚህ ሳምንት እስከ የት ደረስሽ?" ትላለች።

"እስከ ናጂብ ሱቅ" ትላለች እናቴ።

"ምን ሆንሽ?"

"ጉልበቴ ከዳኝ። ልቤ በአፌ ልትወጣ ደረሰች። ግን ቆምኩ፤ አልተመለስኩም።"

"ቆመሽ ምን አየሽ?"

"ፍየል። የውሃ ጋሪ። የናጂብ ሱቅ ቢጫ በር። አንዲት ሴትዮ የግመል ወተት ይዛ።"

"ማሻአላህ" ትላለች እትዬ ሰብሪያ። ሌላዋም ትቀበልና "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ትላለች። ከጠረጴዛው ሥር ሆኜ ደሜ ይፈላል። በእግሯ ልትሄድ ነው።

ልምምዱን በዓይኔም አይቻለሁ። መጀመሪያ እስከ ግቢው በር ብቻ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ናጂብ ሱቅ። ከዚያ መስጊዱ ማዕዘን። ከዚያ ባጃጆች የሚቆሙበት። ብዙውን ጊዜ እጄን ይዛ ትወስደኛለች። ልውጣ አልውጣ እያልኩ እጎተታለሁ፤ እሷ እየተንቀጠቀጠች ታባብለኛለች። በየፌርማታው ትቆምና ያየችውን በሹክሹክታ ትቆጥራለች፦ ቀይ በር፣ የተሰበረ ወንበር፣ ጫት የምትሸጠው ሴትዮ ጃንጥላ። መንገዱን እየሸመደደች ነው ብዬ ደመደምኩ። ሰው መንገድ የሚሸመድደው ርቆ ሲሄድ ነው።

ከሁሉም የባሰው ማስረጃ ግን ከበሩ ጀርባ የተቀመጠው ሰማያዊ ቦርሳ ነበር። አንድ ቀን እናቴ ልብስ ስታሰጣ ከፈትኩት። ሁለት ቀሚሷ፣ ነጠላዋ፣ የአባቴ ፎቶግራፍ፣ ሁለት እሽግ ብስኩት፣ ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት። እስከ ታች በረበርኩት። የእኔ አንድ ካልሲ እንኳ የለም። ዚፑን መልሼ ዘጋሁና ፍራሼ ላይ ተኝቼ ድምፄን ሳላሰማ አለቀስኩ። ከዚያን ቀን በፊት ድምፅ ሳያሰሙ ማልቀስ እንደሚቻል አላውቅም ነበር።

በከተማው ያለ ወረቀት አልባ ሐበሻ ሁሉ ከበሩ ኋላ እንዲህ ያለ ቦርሳ ነበረው። አፈሳ ሲመጣ የተያዘ ሰው ልብሱን ላምጣ ቢል የሚሰማው የለም፤ በለበሰው ይጫናል። የተዘጋጀ ቦርሳ ካለው ግን አንዳንድ ጊዜ ጎረቤት ሮጦ ያቀብለዋል። የእኔ ልብስ ያልነበረበት ደግሞ የእኔ ቦርሳ እትዬ ሰብሪያ ቁም ሣጥን ውስጥ ስለነበረ ነው። እናቴ ከተያዘች እኔ እንድተርፍ ሁለቱ ተማምለው ነበር። ይህን ማን ለስምንት ዓመት ልጅ ይነግራል?

አንድ ረቡዕ ማታ እናቴ በግድግዳው በኩል እትዬ ሰብሪያን ስታነጋግር ሰማኋት። "ነገ ብቻዬን ነኝ። ዋሄን ገበያ ደርሼ ሽንኩርት ገዝቼ እመለሳለሁ።"

እኔ የሰማሁት "ብቻዬን" የሚለውን ነው። ሽንኩርቱንም መመለሱንም አልሰማሁም።

ሐሙስ ጠዋት ጥቁር ጂልባቧን ለበሰች፤ የአንገቷን ማተብ ወደ ውስጥ ከተተች። ከዚያ ሦስት ጊዜ ሳመችኝ። ትኩሳት ካልያዘኝ በቀር ሦስት ጊዜ ስማኝ አታውቅም። ከንፈሯ ቀዝቅዟል። "እትዬ ሰብሪያ ጋ ቆዪኝ" አለች። "እሺ" አልኩና ቀደም ብዬ ወደ ግቢው በር ሮጥኩ። አባቴ ከሄደ ወዲህ ከእናቴ ጋር ካልሆነ አልፌው የማላውቀው በር ነበር፤ ያን ቀንም አንገቴን ብቻ አወጣሁ። ናጂብ ሱቁ ደጃፍ ላይ ውሃ ይረጫል። ሁለት ፍየሎች ካርቶን ይበላሉ። ሌላ ምንም የለም። እስከ ሃያ ቆጠርኩና ተመለስኩ።

"እማ፣ ፖሊሶች መጥተዋል። ሐበሻ እየጫኑ ነው።"

ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

የእናቴ ፊት ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ በትክክል መናገር አልችልም። የሚኖርበት ሰው ወጥቶ ቤት ባዶውን እንደቀረ ዓይነት ነው። ክንዴን ያዘችና ግቢው ጥግ ወዳለው ሽንት ቤት ይዛኝ ገባች፤ ቆርቆሮ በሩን ዘጋች፤ መዳፏን አፌ ላይ ጫነች። በሌላ እጇ ስልኳን አውጥታ ለሱሀይላ ደወለች። "አፈሳ ነው። ኮድቡር ገብተዋል። ለሌሎቹ ንገሪ" ብቻ ብላ ዘጋች። እዚያ ሽታ ውስጥ ፀሐይ ቆርቆሮውን እስኪያግለው ቆምን። እናቴ ቆማ ሳለ እግሯ መካከል ውሃ ወረደ። አየሁ፤ እንዳየሁ አወቀች። ቀልዴን ነው ልላት ፈለግኩ፤ አፌ ግን በእጇ ተይዟል። እጇ ሲነሳ ደግሞ ጊዜው አልፎ ነበር።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። ወሬው በስልክ ከቤት ቤት ሮጦ በዚያን ቀን ስንቱ ሐበሻ ከሥራ ቀረ። ከስፌት ተማሪዎቹ አንዷ፣ ያቺ የትራስ ልብሷን ሦስት ወር የያዘችው፣ በመቅረቷ ከምትሠራበት ቤት ተባረረች። እናቴም ከዚያ በኋላ እስከ ግቢው በር እንኳ አልሄደችም። ዓርብ ሲደርስ ሱሀይላ እኛ ክፍል ድረስ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች።

"ቢመጡስ? ንገሪኝ እንጂ፤ ቢመጡስ?" አለቻት እናቴ።

"አይመጡም ብዬ ቃል አልገባልሽም፤ በእኔ እጅ አይደለም" አለች ሱሀይላ። "እስኪመጡ ድረስ ያለው ቀን ግን ያንቺ ነው። እሱንም አስቀድመሽ አትስጫቸው።"

እናቴ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች። ያሸነፍኩት እኔ ነበርኩ። እናቴ የትም አትሄድም። ግን አጠገቧ ስተኛ እንኳ ትናፍቀኝ ጀመር። አጠገቤ የተኛ ሰው የሚናፍቅ አይመስለኝም ነበር።

ሦስት ሳምንት ካለፈ በኋላ እትዬ ሰብሪያ ቀሚስ ልትለካልኝ ጠራችኝ። ስፒል በከንፈሯ ይዛ፣ ሜትሩን ትከሻዬ ላይ አድርጋ፣ እንደ ቀልድ ጠየቀችኝ።

"ያን ዕለት መኪናው ምን ዓይነት ነበር?"

"ትልቅ።"

"ሰው ጭኖ ነበር?"

"ሞልቶ ነበር። አንዲት ሴትዮ ጫማዋ ወልቆ ታለቅስ ነበር።" የጫማው ነገር ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም።

ስፒሎቹን ከአፏ አወጣች። "አምለሰት፣ እኔ በዚያ ሰዓት ክር ልገዛ ወጥቼ መንገዱ ላይ ነበርኩ። ወላሂ ከፍየል በቀር የቆመ አልነበረም። በሌላ በኩል ገብተው ይሆናል ብዬ ነው እስካሁን ሳልጠይቅሽ የቆየሁት።"

ያን ጊዜ ሁሉንም ተፋሁት። በርበራውን፣ ልምምዱን፣ ቦርሳውን፣ የሌለችውን ካልሲዬን። "እንዳትሄድብኝ ብዬ ነው" አልኩ። እትዬ ሰብሪያ ትመታኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። በሻርፗ ጫፍ ንፍጤን ጠረገችና "ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ሲሉ እሰማ ነበር፤ አንቺ ግን ለሰፈር ተርፈሻል" አለች። ሳቋ ግን ሳቅ አልነበረም። እጄን ይዛ ወደ እናቴ ወሰደችኝ፤ "ንገሪያት" ብላ በሩን ዘግታብን ሄደች።

ነገርኳት። እናቴ ጀርባዋን ሰጥታኝ ሰማች። ስጨርስ ዞረች፤ ፊቷ እንደገና የእሷ ፊት ነበር።

"አባትሽ በርበራ የለም" አለች። "ከሥራ ቦታው አፍሰው ወሰዱት። ጭነው ቶጎ ውጫሌ ድንበር ላይ ጣሉት። ከጅግጅጋ አንድ ጊዜ በሰው ስልክ ደውሏል፤ ከዚያ በኋላ ድምፁን አልሰማሁም።"

"ባሕር የለም?"

"ባሕር የለም የኔ ልጅ። እኔ ዋሸሁሽ፤ አንቺ ዋሸሽኝ። ተቻቻልን።"

ያን ቀን አባቴን ከባሕሩ አውጥቼ የት እንደማስቀምጠው አጣሁ። እናቴ አቅፋኝ ተኛች። ቦርሳውንም ከፍታ አስረዳችኝ፤ እትዬ ሰብሪያ ቁም ሣጥን ውስጥ ያለውንም አሳየችኝ። ሁለት ቀሚስ፣ ሦስት ካልሲ። እነዚያን ካልሲዎች አንድ በአንድ ነካኋቸው።

በነጋታው እናቴ ብቻዋን ዋሄን ሄደች። እኔ እትዬ ሰብሪያ የስፌት መኪና ሥር ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። የመኪናው ፔዳል ሲወጣ ሲወርድ እያየሁ ሆዴን አመመኝ፤ ጠዋት ጠዋት የሚያመኝ ሕመም ራሱ ነበር። እትዬ ሰብሪያ መስፋቷን ሳታቆም "ምን ይታይሻል? ቁጠሪልኝ" ትለኛለች። ቆጠርኩላት፦ ፔዳል፣ መቀስ፣ እግርሽ፣ አረንጓዴ ክር። የቀትሩ ዙሁር ሶላት ሲጠራ እናቴ ገባች። አቧራ ለብሳለች፤ ሽንኩርት በፌስታል ይዛለች። "ወጥቼ ገባሁ" አለች። በሚቀጥለው ሳምንት እኔ ትምህርት ቤት ጀመርኩ፤ ሆዴም ተሻለኝ። በጊዜው ሁለቱን ነገሮች አላገናኘኋቸውም።

ያገናኘችልኝ እትዬ ሰብሪያ ናት፤ ያውም አምና። አሁን ዓይኗ ስለደከመ መርፌ የምሰካላት እኔ ነኝ። ቤቷ ነው የምኖረው፤ የስፌት መኪናዋም ወደ እኔ ተላልፏል። ጨርቅ እየቆረጥን ስለዚያ ዘመን ስናወራ "እናቴ ያኔ ክፉኛ ታማ ነበር" አልኳት።

"እናትሽ ሱሀይላን ያስጠራቻት ለራሷ መሰለሽ?" አለችኝ።

"ለማን ነው ታዲያ?"

"ላንቺ ነዋ። የሺ ለራሷማ መቼ ታውቃለች? ልጄ ከቤት አልወጣም አለችኝ፣ ማታ ትሸናለች፣ ቀሚሴን ይዛ አትሂጂ ትለኛለች ብላ ነው እዚህ ወለል ላይ ተቀምጣ ያለቀሰችው። ሱሀይላ ምን አለቻት? ልጅቷ ያየችው ወጥቶ መቅረትን ብቻ ነው፤ ወጥቶ መግባትን በዓይኗ ማየት አለባት፤ ቅድሚያ አንቺ ውጪ አለቻት። እናትሽ ደግሞ ከደጃፍ ለመውጣት ሞት ነው የሚመስላት። ላንቺ ስትል ነው አንድ አንድ እርምጃ የወጣችው።"

መቀሱን አስቀመጥኩ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሴቶቹ እናቴን ያዳኑ፣ እኔም ተመልካች የነበርኩ ይመስለኝ ነበር። ያን ሁሉ መንገድ እየተንቀጠቀጠች እጄን የያዘችው እኔን ይዛ ለማውጣት ነው። እኔ ደግሞ የዘጋሁባት በር የእኔው ነበር። በዚያች ሰዓት እናቴ አጠገቤ ብትሆን እግሯን እስም ነበር። አጠገቤ ግን አልነበረችም።

የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል የሚባለው እውነት ነው፤ ሄዳለች። ከሁለት ዓመት በፊት ወልድያ ያሉት እናቷ ሞተው ለቀብር ሄደች። መውጣቱን ማንም አልከለከላትም። መመለሱ ነው የተከለከለው፤ ሁለት ጊዜ ከድንበሩ መልሰዋታል። እኔ ደግሞ እዚህ ተወልጄ የዚህ ወረቀት የለኝም፤ የዚያም የለኝም። ከወጣሁ የምገባበት የለም። ስለዚህ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ የአስር ሶላት ሲጠራ ትደውልልኛለች። ስለ ጤናዬም ስለ ምግቤም ከመጠየቋ በፊት "ዛሬ ወጣሽ?" ትላለች። "ወጥቼ ገባሁ" እላታለሁ። ከዚያ በኋላ ነው ሌላው ወሬ የሚመጣው።

በዚህ ሳምንት እንደገና አፈሳ አለ የሚል ወሬ አለ። ይህ የልጅ ወሬ አይደለም፤ ከዋሄን ሁለት የማውቃቸው ልጆች ተጭነዋል። እስከ ትናንት ድረስ አራት ቀን ከቤት አልወጣሁም ነበር። የሰው ልብስ ሰፍቼ ጨርሼ መስቀያ ላይ ተከምሯል፤ የማደርሰው እኔ ነኝ፤ አላደረስኩም። ትናንት እናቴ ደወለች።

"ዛሬ ወጣሽ?"

"ወጥቼ ገባሁ።"

በእሷ በኩል የሰው ድምፅና የዶሮ ድምፅ ይሰማል።

"አምለሰት።"

"አቤት።"

"በምን ሰዓት ወጣሽ?"

በእናቴ ላይ አንድ ጊዜ ዋሽቻለሁ፤ ሁለተኛው አልወጣልኝም።

"አራት ቀኔ ነው" አልኳት። "በእውነት እየጫኑ ነው እማ። ቢመጡስ?"

"ሊመጡ ይችላሉ" አለች። እንደማይመጡ ብትነግረኝ ምንኛ በወደድኩ። ግን ከበርበራ ወዲህ እናቴ ለእኔ ማባበያ አትናገርም። "ስልኩን አትዝጊ። ተነሽና ልበሺ። እስከ ጥጉ ድረስ ብቻ።"

"አንቺ ምን ታደርጊያለሽ?"

በእሷ በኩል የመዝጊያ ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ የነፋስ ድምፅ።

"ከቤት ወጥቼ ደጃፍ ላይ ቆሜያለሁ።"

"ከወልድያ ደጃፍ ላይ ምን ታያለሽ እማ? እኔ እኮ ሀርጌሳ ነኝ።"

"አንቺን አላይም፤ አውቃለሁ" አለች። "አንቺ እስክትመለሺ ግን እኔም አልገባም።"

ብርድ ነበር እዚያ፤ ከድምፅዋ ያስታውቃል። ጂልባቤን አጠለቅኩ፣ ስልኩን ጆሮዬና ሻርፔ መሃል አስገባሁ፣ እናቴን ብርድ ላይ አቁሜ ወጣሁ።